ሁለት ማርክ

ዛሬ ራሴን ልከስ ነው የመጣሁት።

ተማሪዎቼን ፓይተን አስተምራለሁ። ባለፈው ፈተና ላይ አንድ "ቀላል" ጥያቄ አወጣሁ፦ "ከሚከተሉት ውስጥ ሊትራል ያልሆነው የቱ ነው?" ምርጫዎቹ፦ ሀ) 7 ለ) "ሰላም" ሐ) -7 መ) ዕድሜ።

ለማታውቁት፣ ሊትራል ማለት ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ዋጋ ነው። 7 ብለህ ከጻፍክ 7 ነው፣ አለቀ። "ዕድሜ" ግን ስም ነው። ውስጡ ያለው ዛሬ 15፣ ነገ 16 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልሱ "መ" ነው ብዬ አረምኩ።

አንዲት ተማሪ "ሐ"ን መርጣ ነበር። ኤክስ አደረግኩባት። ወረቀት ስመልስ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ -7 እኮ አንድ ነገር አይደለም። ሊትራሉ 7 ብቻ ነው፣ መቀነሷ ትእዛዝ ናት።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። "ኔጌቲቭ ቁጥር ቁጥር አይደለም ልትይኝ ነው? ቁጭ በይ!" አልኳት። ቁጭ አለች።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ -2**2 ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ኮከቦች "ፓወር" ማለት ናቸው። -2 አንድ ሙሉ ቁጥር ቢሆን ኖሮ በራሱ ሲባዛ 4 መምጣት ነበረበት። የመጣው -4 ነው። ፓይተን መጀመሪያ 2ን በራሱ አባዝቶ፣ መቀነሷን ከዚያ በኋላ ነው የሠራት። ልጅቷ ልክ ነበረች።

ለምን እንዲህ ተደረገ? 10-7ን አስቡት። -7 አንድ ላይ ቢነበብ 10 እና -7 ጎን ለጎን ቁጭ ብለው መሃላቸው ምንም ምልክት አይቀርም። ሊስፕ ላይ ግን ምልክቱ ከፊት ስለሚመጣ፣ (- 10 7) ተብሎ ስለሚጻፍ፣ -7 ራሱን የቻለ ቁጥር ሆኖ ይነበባል። ሊስፕ ቢሆን እኔ ልክ ነበርኩ። ያስተማርኩት ግን ፓይተን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ቀን ያሳቀኝ እውቀት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። በዲፕሎማ ነው የማስተምረው። ስታፍ ውስጥ ዲግሪና ማስተርስ ሲወራ ዝም ብዬ ሻዬን የምጠጣ ሰው ነኝ። ተማሪ ፊት ከተሳሳትኩ ያለችኝም ቦታ የምትሄድ መሰለኝ።

በነጋታው ጥያቄው ሁለት መልስ እንዳለው ተናገርኩ። "ሐ"ን ለመረጡት ሁሉ 2 ማርክ ጨመርኩ። እሷንም ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። "ችግር የለውም ቲቸር" አለች፣ ዴስኩን እያየች።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ማርኩን መልሻለሁ። እጇን ግን እስካሁን አላወጣችም።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እንዲህ ገጥሟችሁ ያውቃል? ያቺን እጅ እንዴት ነው የሚመልሷት? ኮሜንት ላይ ምከሩኝ።