ከቢስቱን ገደል እስከ ቀሽም ደሴት ከበሮ

ከከርማንሻህ ወደ ሀማዳን በሚወስደው መንገድ ዳር ቢስቱን የሚባል ገደል አለ። ከሜዳው ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ የተነሣ ግራጫ ቋጥኝ ነው። ንጉሥ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ገደማ ዙፋኑን እንዴት እንደያዘና ያመፁበትን እንዴት ድል እንደነሣ ያስቀረጸው እዚያ ላይ ነው። ከታች ለሚያይ ሰው ፊደሉ አይለይም፤ አንገታቸው በገመድ ተያይዞ በንጉሡ ፊት የቆሙት ምርኮኞች ግን ይታያሉ። ጽሑፉ የተቀረጸው በሦስት ቋንቋ ነው፦ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ። ግልባጩም ወደ ሩቅ ግዛቶች ተልኳል፤ በአራማይክ የተጻፈ አንድ ቅጂ በግብፅ፣ በዓባይ መካከል ባለችው በኤለፋንታይን ደሴት ተገኝቷል።

ሀማዳን መሐል ከተማው ላይ ጉልላት ያለው አሮጌ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። በሩ ዝቅ ያለ ከባድ ድንጋይ ስለሆነ የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ይላል። የኢራን አይሁድ የአስቴርና የመርዶክዮስ መቃብር ይህ ነው ብለው ለዘመናት ሲሳለሙት ኖረዋል። መጽሐፈ አስቴርን እየሰማ ያደገ የአገራችን ሰው እዚህ ሲቆም ባዕድነት አይሰማውም፤ ታሪኩ የሚከፈተው ግዛቱ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋ፣ 127 አገሮችን በሚገዛ የፋርስ ንጉሥ ነውና። በዚያው መጽሐፍ የንጉሡ አዋጅ ወደየአገሩ ሲላክ እያንዳንዱ ሕዝብ በሚያነበው ፊደልና በሚሰማው ቋንቋ ይዘጋጅ እንደነበር ከአንድ ጊዜ በላይ ተነግሯል። ያ ልማድ በዛሬዪቱ ኢራን ምን ያህል እንደቀረ ማየት ፈለግሁ። (በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከውጭ ለሚያያት ኢራን የፋርሶች አገር ናት። ፋርሶች ትልቁ ሕዝብ መሆናቸው እውነት ነው። የሕዝብ ቆጠራው ግን ብሔርን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ቁጥር የሚጠራ ሁሉ የሚጠራው ግምት ነው፤ በብዙዎቹ ግምቶች ፋርሶች ከሕዝቡ ግማሽ ወይም ከግማሽ በለጥ ያሉ ናቸው። በሰሜን ምዕራብ አዘሪ ቱርኮች፣ በምዕራብ ኩርዶችና ሉሮች፣ በካስፒያን ባሕር ዳርቻ ጊላኮችና ማዛንዳራኖች፣ በሰሜን ምሥራቅ ቱርክመኖች፣ በደቡብ ምሥራቅ ባሉቾች፣ በደቡብ ምዕራብ ዓረቦች ይኖራሉ። በሺራዝ ዙሪያ ደግሞ መንጋቸውን ይዘው በቆላና በደጋ የሚዘዋወሩ ቃሽቃዮች አሉ። ኩርድኛ፣ ባሉችኛና ጊላክኛ የፋርስኛ ዘመዶች ናቸው። አዘሪ የኢስታንቡሉን ቱርክኛ ይዘመዳል። በደቡብ ምዕራብ የኹዜስታን ዓረብኛና በሰሜን ምዕራብ የኡርሚያ አሦሮች ቋንቋ ደግሞ ከግእዝና ከአማርኛ ጋር የአንድ ሴማዊ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ወደ አዘሪዎቹ ከተማ ወደ ታብሪዝ ሲደርሱ ፋርስኛ ከጆሮ ይርቃል። በ2010 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የከተማዋ ገበያ ጣሪያው በጡብ ቅስት የተሸፈነ ሰፊ መንደር ነው ማለት ይቻላል፤ ምንጣፍ ሻጩም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ቅመም መዛኙም በየተራው ተሰድሯል። ከየሱቁ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የተጻፈው በፋርስኛ ነው። ከሰሌዳው ሥር ያለው የዋጋ ክርክር፣ ሰላምታውና ቁጣው ግን በአዘሪ ቱርክኛ ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ምንጣፍ ነጋዴ ሻይ አስቀድተውልኝ በአስተርጓሚዬ በኩል በፋርስኛ እያወጉኝ ሳለ ልጃቸው ደወለላቸው፤ ስልኩን አንሥተው በቱርክኛ መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸውም ፊታቸውም ተፈታ። በቤታቸው ቋንቋ ደብዳቤ ጽፈው ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የተናገሩትን ቋንቋ እንዲጽፉ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም።

በዚህችው ከተማ የገጣሚያን መቃብር በሚባለው ረጅም ሐውልት ሥር ሻህሪያር አርፏል። ሻህሪያር አስቀድሞ ስሙ የገነነው በፋርስኛ ግጥሙ ነው። እናቱ የልጃቸው ግጥም ስላልገባቸው ቅር ተሰኝተውበት ነበር ተብሎ ይተረካል፤ እሱም ወደ ቱርክኛ ተመልሶ «ሄይዳር ባባያ ሰላም» የተሰኘውን ረጅም ግጥሙን በ1954 አሳተመ። ሄይዳር ባባ ልጅነቱን ባሳለፈበት መንደር አጠገብ ያለ ተራራ ነው። ግጥሙ የአገሩን ድንበር ተሻግሮ ቱርክኛና ዘመዶቹ በሚነገሩበት ሁሉ ተወደደ። ሻህሪያር በ1988 አረፈ፤ ያረፈበት ቀን በኋላ በኢራን የፋርስኛ ግጥምና ሥነ ጽሑፍ ብሔራዊ ቀን ሆኖ ተደነገገ። የእናቱን ቋንቋ እስከዚያ ድረስ የወደደ ሰው የፋርስኛም ኩራት ሊሆን እንደሚችል መንግሥቱ ራሱ በቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍሮታል። ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው መኖር እንደሚችሉ በጉዞዬ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘሁም።

ትምህርት ቤቶቹ ግን ይህን አልተቀበሉም። የታብሪዙ ተወላጅ ደራሲ ረዛ ባራሄኒ በልጅነቱ ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ በቱርክኛ በመጻፉ ቀለሙን በምላሱ እንዲልስ መገደዱን ተናግሯል። ሌላው የታብሪዝ ልጅ ሳማድ ቤህራንጊ የገጠር መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ቤታቸው ውስጥ ሰምተውት በማያውቁት ቋንቋ፣ ለቴህራን ልጆች በተዘጋጀ መጽሐፍ ፊደል ሲቆጥሩ እያየ ተቃጥሏል። ከየመንደሩ የሰበሰባቸውን የአዘሪ ተረቶች ያሳተማቸው ወደ ፋርስኛ መልሶ ነው፤ በሻህ ዘመን በቱርክኛ ማሳተም እምብዛም የሚፈቀድ አልነበረም። «ትንሹ ጥቁር ዓሣ» የተባለው የልጆች መጽሐፉ በ1968 ሲወጣ በብዙ አገር ተነበበ፤ እሱ ግን በዚያው ዓመት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ አራስ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ።

ሻህን ከጣለው አብዮት በኋላ የወጣው የ1979 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ላይ ፋርስኛን የሕዝቡ ሁሉ የጋራና ይፋዊ ቋንቋ ያደርገዋል። ወዲያውም የየአካባቢውና የየብሔሩ ቋንቋዎች በጋዜጣና በብዙኃን መገናኛ እንዲሠራባቸው፣ ሥነ ጽሑፋቸውም ከፋርስኛ ጎን በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ከዚህ ቃል የሬዲዮና የቴሌቪዥኑ ክፍል በመጠኑ ተፈጽሟል፤ በየክፍለ አገሩ በአካባቢው ቋንቋ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች አሉ። የትምህርት ቤቱ ክፍል በአመዛኙ ወረቀት ላይ ቀርቷል። በ2019 የትምህርት ሚኒስቴሩ ይዞት የመጣው ሐሳብ ወደ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ሕፃናት ፋርስኛ በበቂ መቻላቸው እንዲመዘን የሚል ነበር፤ ብዙ ተቃውሞ አስነሥቷል። በ2024 ፕሬዝዳንት ሆነው የተመረጡት ማሱድ ፔዜሽኪያን በኩርዶች ከተማ በማሃባድ የተወለዱ አዘሪ ናቸው፤ ቱርክኛም ኩርድኛም ይናገራሉ። ምርጫቸው ለብዙዎች ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ሆኖም በፌብሩዋሪ 2025 የአካባቢ ቋንቋዎችን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤት ለማስተማር የቀረበውን ረቂቅ ሕግ ፓርላማው በአብላጫ ድምፅ ጣለው።

የእምቢታው ሥር ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ታሪክ አለው። የሶቭየት ጦር በሰሜን ኢራን በነበረበት በ1945ና በ1946 በታብሪዝ የአዘሪዎች፣ በማሃባድ የኩርዶች መንግሥት ተቋቁሞ ነበር። ሁለቱም ዓመት ያህል ቆይተው ፈረሱ፤ የማሃባዱ መሪ ቃዚ ሙሐመድ በ1947 በስቅላት ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ በቴህራን ብዙ ባለሥልጣናት ዘንድ በእናት ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት የመገንጠል በር ተደርጎ ይታያል። እኔ ያነጋገርኳቸው ቱርኮችና ኩርዶች ልጆቻቸው ፋርስኛ እንዲቀርባቸው አንድም አልፈለጉም። የፋርስኛውን ገጣሚ ሐፌዝን በቃላቸው የሚወርዱ፣ ከእኔ አስተርጓሚ የተሻለ ፋርስኛ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። የሚጠይቁት ሌላው ቋንቋም በክፍል ውስጥ ወንበር እንዲያገኝ ነው፤ ይህ ጥያቄ አገር ያፈርሳል የሚለው ሥጋት ትክክል አይመስለኝም።

ሳናንዳጅ በተራራ መካከል የተኛች የኩርዶች ከተማ ናት። ዩኔስኮ በ2019 የሙዚቃ ከተማ ብሎ መርጧታል፤ ማታ ከየቤቱ የሚሰማው የዳፍ ድምፅ ምርጫው ተገቢ እንደነበር ይመሰክራል። ዳፍ እንደ ወንፊት ክብ ሆኖ ውስጡ በብረት ቀለበቶች የተሞላ ትልቅ ከበሮ ነው። በከተማዋ ያለው የኩርዲስታን ዩኒቨርሲቲ በ2015 የኩርድ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ከፈተ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከታች ግን መሠረቱ የለም፤ ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይማሩት የቆዩትን ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው ማንበብ የሚለማመዱት። ክፍተቱን ሲሞሉ የኖሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ዛራ ሞሐማዲ በሳናንዳጅ ኩርድኛ ታስተምር ነበር። በብሔራዊ ደኅንነት ወንጀል ተከስሳ የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደባትና በ2022 መጀመሪያ ወህኒ ወረደች፤ በ2023 ተፈታች። ሕገ መንግሥቱ የፈቀደውን ሥራ በመሥራቷ አንዲት መምህርት መታሰሯን ሳስብ ልቤ ይደማል።

በሴፕቴምበር 2022 ቴህራን ውስጥ በሥነ ምግባር ፖሊስ ተይዛ የሞተችው ወጣት የኩርዶች ከተማ የሳቄዝ ልጅ ነበረች። ዓለም ያወቃት በመታወቂያዋ ላይ በሰፈረው «ማህሳ» በሚለው ስም ነው። ቤተሰቦቿ የሚጠሯት ጂና ብለው ነው፤ የኩርድ ስም ነው። በመላው ኢራን የተስተጋባው «ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት» የሚለው መፈክርም አስቀድሞ የኩርዶች ነበር፤ የቴህራን፣ የታብሪዝና የዛሄዳን ወጣቶች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት።

ኢስፋሃን ላይ ብዙ አልቆየሁም። ሻህ አባስ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ከአራስ ወንዝ ዳር አፍልሶ ያሰፈራቸው አርመኖች ኒው ጁልፋ በተባለው ሰፈር አሁንም አሉ፤ በ1638 መዝሙረ ዳዊትን ያተመው ማተሚያ ቤታቸው በኢራን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ አርመኖች ጋር ለተጎራበተ ሰው በሰፈሩ ያለው የዋንክ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ብዙ ያስታውሳል። አርመኖቹ ዛሬ ጥቂት አሥር ሺዎች ቢሆኑ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሃይማኖት አናሳ ስለሚታወቁ በፓርላማ ሁለት መቀመጫ አላቸው፣ በትምህርት ቤቶቻቸውም አርመንኛ ይማራሉ። ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጡት አዘሪዎች ያላገኙትን እነሱ አግኝተዋል። አርመንኛ መማር ኢራንን አልጎዳትም።

የኹዜስታን ዋና ከተማ አህዋዝ ሙቀቷ ይፋጃል። ኢራን የሻይ አገር ናት፤ የኹዜስታን ዓረቦች ቤት ግን እንግዳ የሚቀበለው ቡና ነው፤ መራራ፣ በትንሽ ስኒ፣ ጉንጭ ያህል ብቻ። ስኒውን ሳያወዛውዙ ከመለሱት ደግመው ይቀዱልዎታል። ከተማዋን ለሁለት በሚከፍላት በካሩን ወንዝ ዳር ነጭ የለበሱ ማንዳውያን ሲጠመቁ አየሁ። መጥምቁ ዮሐንስን የሚያከብሩ፣ መጻሕፍታቸው የአራማይክ ዘዬ በሆነ ቋንቋ የተጻፉ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በስም ከሚያውቃቸው ሦስት አናሳ ሃይማኖቶች መካከል የሉበትም።

ስለ ኢራን ቋንቋዎች አንድ ፊልም ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው የባህራም ቤይዛይን «ባሹ» ይይ። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከኢራቅ ጋር በነበረው ጦርነት መካከል ተሠርቶ በ1989 ለሕዝብ ቀረበ። ባሹ ቤተሰቡ በቦምብ ያለቀበት ጥቁር የኹዜስታን ልጅ ነው። ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ሲነቃ ራሱን በሰሜን፣ በጊላን የሩዝ ማሳ መካከል ያገኛል። እሱ ዓረብኛ፣ የተጠጋባት ገበሬ ናዒ ጊላክኛ ይናገራሉ፤ አይግባቡም። የመንደሩ ልጆች ሲደበድቡት ከመሬት ላይ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አንሥቶ በፋርስኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ልጆቹም ያን ጊዜ ይሰሙታል። ቤይዛይ ፋርስኛ ምን ያህል ድልድይ እንደሆነ አሳይቷል። ናዒ ግን እናት የሆነችው በጊላክኛዋ ነው፤ ፊልሙ ይህንንም አልደበቀም።

ከባንደር አባስ በጀልባ ወደ ቀሽም ደሴት ተሻገርኩ። በዚህ ዳርቻ ቆዳቸው እንደ እኛ የጠቆረ ኢራናውያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍና ከኢትዮጵያ በባርነት ተግዘው የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ ኢራን ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1929 ነው። የሚናገሩት የደቡቡን የፋርስኛ ዘዬ ነው። ከእነሱ ጋር የተሻገረው ዛር ግን አለ። ሥርዓቱን ባባ ወይም ማማ የሚባሉ አዋቂዎች ይመሩታል። ዕጣን ይጤሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ የሰፈረው መንፈስ ስሙንና የሚፈልገውን እስኪናገር ይጠበቃል፤ ልብስ፣ ቀለበት፣ በትር ይጠይቃል። ጎንደር ወይም ወሎ ያደገ ሰው ቅደም ተከተሉን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ይህን ሥርዓት በ1966 በመጽሐፍ ያቆየው ጎላም ሆሴን ሳኤዲ ነው። ሳኤዲ ከታብሪዝ የመጣ አዘሪ፣ ሙያው የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ የአፍሪካውያንን ሥርዓት መዝግቦ ለአገሩ ሰው ያቀረበው በፋርስኛ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የአባዳኑ ተወላጅ ናሴር ታግቫይ «የጂን ነፋስ» በተባለው አጭር ዘጋቢ ፊልሙ ከበሮውንና ፊቶቹን ቀረጸ።

የዛሩ መዝሙሮች ዓረብኛ፣ ስዋሂሊና ፋርስኛ ይደባለቁባቸዋል። ዘማሪዎቹ ራሳቸው ፍቺያቸውን የማያውቋቸው ቃላትም አሉ፤ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ማንም አላስተማራቸውም፤ የቀራቸው ዜማው ውስጥ ያለው ነው። ያገኘኋቸው መሪዎች ሁሉ አዛውንት ነበሩ። የዛር ዜማ በጆሯቸው ያደጉ የአገራችን የቋንቋና የሙዚቃ ተመራማሪዎች መቅረጫቸውን ይዘው ወደ ቀሽምና በማዶዋ ወዳለችው ወደ ሚናብ ቢሄዱ፣ የትኛው ቃል ከዛንዚባር፣ የትኛው ከምፅዋ ወይም ከዘይላ ወደብ እንደተሳፈረ ለመለየት የሚያስችል ጆሮ አላቸው።