ስፔድ ይበልጣል ያለው ማነው?

ሀዋሳ ሀይቅ ዳር፣ ከዛፎቹ ጥላ ስር፣ አመሻሽ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ወጣቶች አይጠፉም። አንዳንዴ ጨዋታው ሳይጀመር ጭቅጭቁ ይቀድማል። አከፋፋዩን ለመለየት ሁሉም አንዳንድ ካርታ ይመዛል። ሁለቱ አስር ቁጥር ያወጣሉ፤ አንዱ የልብ፣ ሌላው የስፔድ።

«ስፔድ ይበልጣል!»

«ማን አለ? ልብ ነው የሚበልጠው!»

ሁለቱም ሲጫወቱ ያደጉበት ሕግ ነው። የት እንደተጻፈ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ጉዳዩ ሲታይ ሁለቱም ልክ ናቸው። ብሪጅ በሚባለው ጨዋታ ስፔድ አንደኛ ነው፤ ልብ፣ ዳይመንድ እና ፍላወር ይከተላሉ። በጀርመኖቹ ስካት ደግሞ መጨረሻ የነበረው ፍላወር ቁንጮ ላይ ይወጣል። ቬትናሞች ቲየን ሌን ሲጫወቱ ልብን የሚበልጠው የለም። በፖከር መደበኛ ሕግ አራቱም እኩል ናቸው። ወረቀቱ ያው ነው፤ የሚለያየው የተጫዋቹ ስምምነት ነው።

ስማቸውም ቢሆን በየአገሩ ሲገለባበጥ የመጣ ነው። ካርታ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1377 ፍሎረንስ ጨዋታውን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። ኢስታንቡል ውስጥ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የሚገኘው የግብፅ ማምሉኮች ካርታ አራት ምልክቶች አሉት፦ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍ እና የፖሎ ዱላ። ፖሎ የማያውቁት አውሮፓውያን የመጫወቻውን ዱላ ተራ ዱላ አደረጉት። ዛሬ የምናውቃቸውን አራት ቀላል ሥዕሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው። እንግሊዞች ሥዕሉን ከፈረንሳይ ወስደው የድሮውን ስም አልለቅም አሉ። «ስፔድ» ሰይፍ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሦስት ቅጠል ያለውን ጥቁር ምልክትም እስከ ዛሬ «ዱላ» ይሉታል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ዱላ የለም። የኛ ልጆች ያዩትን ጠሩ፦ ፍላወር። ጣሊያኖችም አበባ ነው የሚሉት።

አራቱ ምልክቶች ካህኑን፣ ወታደሩን፣ ነጋዴውን እና ገበሬውን ይወክላሉ የሚል ወሬም አለ። ያማረ ወሬ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። ሰው የወደደው ደረጃ ስለለመደ ይመስላል። አራት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ «የቱ ይበልጣል?» ሳይል አያልፍም።

የካርታ ደረጃ ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከጨዋታ ውጭ ያለውስ?

በአገራችን ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እና ቆዳ ፋቂ ከታች እንዲቀመጡ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ቡናው የሚፈላበትን ጀበና፣ የገበሬውን ማረሻ፣ የክብር ልብሱን ጋቢ የሠሩት እነሱ ናቸው። በሲዳማም ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾዎች ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። ዛሬም ግን ጋብቻ ሲነሳ ዲግሪ የተሸከመው ሳይቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘራቸውስ ምንድን ነው?» ይላል።

አዋጅ ብቻውን ደረጃን እንደማያፈርስ ካርታም ይመሰክራል። የፈረንሳይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1793 ንጉሡን ከዙፋኑ አልፎ ከካርታውም ላይ አወረዱት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ንጉሡ ወደ ካርታው ተመለሰ። ሥዕል መፋቅ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው በተጫዋቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ነው።

የካርታ ጭቅጭቅ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማከፋፈል በፊት መስማማት። ሕጉን የሚያወጡት አብረው የተቀመጡት ናቸው፤ ያልመሰለው ተነስቶ ይሄዳል። ሸክላ ሠሪዋ ግን «አንቺ ከታች ነሽ» ሲባል አልተጠየቀችም፤ ተነስታ የምትሄድበትም አልነበራትም። ያልተስማማችበትን ሕግ ልጇም የልጅ ልጇም ተሸከሙት።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ነገ ሽማግሌ ወደ ቤታችሁ ተልኮ ከዘመድ አንዱ «እነሱ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ዝም አትበል። በትህትና ጠይቀው፦ ማን አለ? መቼስ ተስማማን?

መልስ ካለው ይንገርህ። ከሌለው ግን ልጆቹን ይመርቃቸው።