ለልጅ ልጄ፣ ሰባተኛ ክፍል ለምትገባው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

አባትሽ ሲደውል በመስከረም ትምህርት ቤት እንደምትቀይሪ ነገረኝ። የድሮዎቹ ጓደኞችሽ ከአፀደ ሕፃናት ጀምረው አብረውሽ ስላደጉ በቀኝ ፊትሽ ላይ ያለውን ምልክት ትኩር ብሎ የሚያይ አልነበረም። አሁን አዲስ ዓይን ይበዛብሻል፤ አንቺም ይህን እያሰብሽ እንዳለቀስሽ ሰምቻለሁ። ደጋግመሽ እንድታነቢው ብዬ ነው በስልክ ማውራቱን ትቼ የጻፍኩልሽ።

ሰው መጠየቁ አይቀርም። አንዱ በደግነት «ማርያም ስማሽ ነው» ይልሻል፤ እሱን በፈገግታ ተቀበዪው። ሌላው እናትሽ በእርግዝናዋ ጊዜ ያማራትን አጥታ ነው ይላል። ክፉው ደግሞ የዘር እርግማን ፍለጋ ይገባል። አትጣዪው፤ ቃሉን ግን በልብሽ አታሳድሪው። እውነቱን እኔ ልንገርሽ። ገና በማህፀን ሳለሽ፣ ከሰውነትሽ ሕዋሳት በአንዱ ውስጥ፣ ጂኤንኤኪው በሚባለው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለወጠች። ከዚያ ሕዋስ የተባዙት ሁሉ ለውጡን ይዘው በቀኝ ፊትሽ፣ በዓይንሽና በአንጎልሽ ሽፋን ላይ የተዛቡ የደም ሥሮች ሠሩ። ከአባትሽም ከእናትሽም አልወረስሽውም፤ አንቺም ለልጆችሽ አታወርሺውም። በባልቲሞር የኬኔዲ ክሪገር ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን ለውጥ ለይተው ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እናትሽ የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ የተሸከመችውን እያነሳች ራሷን ትወቅስ ነበር። ግኝታቸውን ያሳወቁበትን ጽሑፍ ተርጉሜ ሳነብላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጥፋት ስታወራ አልሰማኋትም።

የሕመምሽን ስም ሳትፈሪ ጥሪው፤ ስተርጅ ዌበር ሲንድረም ይባላል። ከ20,000 እስከ 50,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ስተርጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1879 ለንደን ውስጥ አንዲት የስድስት ዓመት ተኩል ልጅ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ፊቷ ላይ እንዳንቺው ያለ ምልክት አላት፤ ዓይኗ ታሟል፤ ከምልክቱ በተቃራኒ ባለው ጎኗ ያንቀጠቅጣታል። የሕያው ሰው አንጎል የሚታይበት መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን፣ ፊቷ ላይ ያለው ነገር በአንጎሏም ገጽ ላይ መኖር አለበት ብሎ ገመተ። ልክ ነበር። ዌበር የሚባለው ሌላው ሐኪም ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በአንጎል ውስጥ ያለውን ለውጥ በራጅ አሳየ። ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ግምት ያስደንቀኛል፤ ከሐኪሞቹ ይልቅ ግን የማስበው ስለዚያች ልጅ ነው። አንቺ ጠዋትና ማታ የምትውጪው ኪኒን በእሷ ዘመን አልነበረም።

ልጄ፣ ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ይህን ነው፤ ሰው የሚያየው ምልክቱን ነው፣ አንቺ ግን የማይታየውን ጠብቂ። ዓይንሽ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በደንብ መውጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ግላኮማ የሚሉት ይህ ነው። በአንቺ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሳያምም ነው የሚጎዳው፤ አንዴ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም» ብለሽ የዓይን ጠብታሽን እንዳትተዪ። የዓይን ሐኪምሽ ቀጠሮ ከፈተና ጋር ቢገጥም እንኳ አይለፍሽ፤ ስለ ፈተናው እኔ ራሴ መጥቼ አስፈቅድልሻለሁ።

የአንጎልሽን ነገርም ታውቂዋለሽ። በቀኝ በኩል ያሉት የደም ሥሮች ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ናቸው፤ ደሙ በደንብ አይወርድላቸውም፤ በሥራቸው ያለው አንጎልም የሚገባውን ያህል ኦክስጅን አያገኝም። የሚጥልሽ፣ ግራ እጅሽም ቶሎ የሚዝለው ለዚህ ነው። ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣትና የውሃ ጥም ያባብሱታል። ሴት አያትሽ በመጾምሽ ትደሰታለች፤ አንቺ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ እንድትቆዪ አልፈቅድም። የነፍስ አባታችንን ጠይቄአቸው ነበር፤ ኪኒንሽን በጊዜው ውሰጂ፣ በውሃ ዋጪ ብለውሻል። ጸበልም ሂጂ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ኪኒኑን አቋርጪና ጸበሉ ብቻ ይበቃሻል የሚልሽን ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሚው። ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል።

ክፍል ውስጥ ቢጥልሽ ጓደኞችሽ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድመው ይወቁ። በጎን ያስተኙሽ፤ ከራስሽ ሥር ሹራብ ያድርጉ፤ አንገትሽ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ ያላሉት። አፍሽ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይክተቱ፤ በጉልበት አይያዙሽ፤ ክብሪት ጭረው አያሽትቱሽ። ክብሪት የሚጥልን ሰው አያነቃም፤ ያቃጥላል እንጂ። ሰዓት ይመልከቱ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ። ይህን ለአንድ ሁለት ልጆች አንቺው ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል፤ የሚያውቅ ልጅ አይሸሽም።

ስለ ሌዘሩ ጠይቀሽኝ ነበር። ሌዘር ምልክቱን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው ግን ከስንት አንዴ ነው፤ እንደኛ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ሌላ የቀለም ለውጥ እንዳይተው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንጎሉንና ዓይኑን አያድንም። ከፈለግሽው እንመክርበታለን፤ ካልፈለግሽውም ማንም አያስገድድሽም። በጎልማሳነቴ ዘመን የሶቪየት መሪ የነበረው ጎርባቾቭ ግንባሩ ላይ ሰፊ ቀይ ምልክት ነበረው፤ እርግጥ የእሱ የቆዳ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በወጡት ይፋዊ ፎቶግራፎቹ ላይ ምልክቱን አጥፍተውት ነበር። እሱ ግን እንዳለ በዓለም ሁሉ ፊት ቆሞ ተናገረ። አንቺም በክፍል ፎቶ ጊዜ ፀጉርሽን በግንባርሽ ላይ ብታወርጂም ባታወርጂም ምርጫው ያንቺ ነው፤ ፎቶ አንሺው ግን እንዲወስንልሽ አትፍቀጂ።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። ለክፍል ኃላፊ መምህርሽ የሚሰጥ ነው፤ የመድኃኒትሽን ስምና ሰዓት፣ ስትታመሚ የሚደረገውን፣ የአባትሽንም ስልክ ጽፌበታለሁ። ከሁሉም በፊት አንቺ አንብቢው። እንዲያውቁት የማትፈልጊው ነገር ካለ ሰርዢው፤ መድኃኒቱንና ስልኩን ብቻ ተዪልኝ። የረሳሁት ካለም በራስሽ እጅ ጽሕፈት ጨምሪበት፤ ከዚያ ለአባትሽ ስጪው፣ እሱ ያደርሰዋል።

አያትሽ