ከመንገድ ተርፎ ስለሚመጣ የውጭ አገር ገንዘብ

በሮማ ከተማ ትሬቪ የሚባል ታላቅ የውሃ ምንጭ አለ። ሥራው በ1732 ተጀምሮ በ1762 ተፈጸመ፤ በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ነገር የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። መንገደኛው ጀርባውን ለምንጩ ሰጥቶ፥ በቀኝ እጁ በግራ ትከሻው ላይ አሳልፎ ሳንቲም ይወረውራል፤ ይህን ያደረገ ሰው ወደ ሮማ ይመለሳል ይባላልና። እኛ ከዳር ቆመን ስንመለከት ግን የሚወረወረው ሁሉ ኢጣልያ የምትገበያይበት ዩሮ አልነበረም። ወደ አገሩ የሚመለስ እንግዳ ሁሉ ከኪሱ የተረፈውን የየአገሩን ዝርዝር ከዚያ ይጥላል። ቢሆንም ጠፍቶ አይቀርም፤ ሠራተኞች ከውሃው ጠርገው ያወጡትና ካሪታስ ለሚባለው የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። በ2016 የተሰበሰበው ወደ 1.4 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚሆን ተገምቷል።

ይህን ባየን ጊዜ በየቤታችን ሣጥን ተቈልፎበት ስለ ተቀመጠው ገንዘብ አሰብን። ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ቢፈተሽ ጥቂት ወረቀትና አንድ ጭብጥ ሳንቲም አይታጣም። እመቤቲቱም «ይቀመጥ፥ አንድ ቀን ይጠቅማል» ይላሉ። ለአንዳንዱ ገንዘብ ግን ያች ቀን አትመጣም።

የምናውቃቸው አንዲት ወይዘሮ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ የኢጣልያ ሊሬና የጀርመን ማርክ ከሣጥን አገኙ። ሟቹ በየጊዜው ለሥራ ሲመላለሱ ያስተረፉትን ለልጆቻቸው ትምህርት እያሉ ያኖሩት ነበር። ሁለቱም ገንዘቦች በ2002 ለዩሮ ስፍራቸውን ስለ ለቀቁ፥ ዕጣቸውም አንድ ይመስላል። ነገር ግን የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ አሮጌውን ማርክ፥ ወረቀቱንም ሳንቲሙንም፥ ያለ ጊዜ ገደብ ይለውጣል፤ ሒሳቡ አንድ ዩሮ በ1.95583 ማርክ ስለ ሆነ፥ ለ1000 ማርክ 511 ዩሮ ከ29 ሳንቲም ይደርሳል። የኢጣልያ መንግሥት በአንጻሩ እስከ 2012 ፌብሩዋሪ ሰጥቶት የነበረውን ጊዜ አሳጥሮ በ2011 ዲሴምበር ወር ዘጋው። በጊዜው ቢቀርብ ኖሮ አንድ ሚሊዮን ሊሬ 516 ዩሮ ከ46 ሳንቲም ያወጣ ነበር። ማርኩ በዘመድ እጅ ፍራንክፈርት ደርሶ ተለወጠና ለታናሽቱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆነ፤ ሊሬው ግን ተመልሶ ከጨርቁ ገባ።

የየአገሩ ሕግ እንዲህ ይለያያል። የእንግሊዝ አገር ክቡ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ከ2017 ኦክቶበር 15 ቀን ጀምሮ ከገበያ ወጥቷል፤ የ20 እና የ50 ፓውንድ ወረቀትም (ዛሬ የሚሠራው ከፕላስቲክ ነው) ከ2022 ሴፕቴምበር 30 ቀን በኋላ አይገበይም፥ የእንግሊዝ ባንክ ግን አሮጌውን የራሱን ወረቀት ምንጊዜም ይቀበላል። በሕንድ በ2016 ኖቬምበር 8 ቀን ማታ ታውጆ፥ የ500 እና የ1000 ሩፒ ወረቀት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ገንዘብነቱ ቀረ። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ወረቀት ሲለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበረ። በባዕድ አገር ኪስ ውስጥ ለነበረው ብር ይህ አጭር ጊዜ ነው።

በዚህ ነገር የአባቶቻችን ጠገራ ብር ያስደንቀናል። የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፥ 1780 የሚል ዘመን የተጻፈበት ይህ ብር በገዛ አገሩ በኦስትሪያ በ1858 ሕጋዊ ገንዘብነቱ ሲቀር፥ በሐበሻ ገበያ ግን ገበሬው የጌጧን ፍሬ በጣቱ እየቈጠረ ይቀበለው ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ እንኳ ገና በሰው እጅ ነበረ። ምክንያቱም ዋጋው በባንክ ቃል ሳይሆን በራሱ ብረት ላይ ነበረና ነው። የዛሬው ወረቀት ይህ የለውም።

ስለዚህ ለመመለስ የተሰናዳ መንገደኛ አስቀድሞ ስለ ሳንቲሙ ያስብ። የገንዘብ መለወጫ ቤቶች በአብዛኛው የሌላ አገር ሳንቲም አይቀበሉምና። የመጨረሻውን የሆቴል ሒሳብ ሲከፍሉ ሳንቲሙን በሙሉ አስቀድሞ ቈጥሮ ሰጥቶ፥ የጐደለውን ብቻ በሌላ መንገድ መሙላት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ያፍርበታል፥ እኛ ግን ምንም የሚያሳፍር አላየንበትም። ወረቀቱን በተመለከተ፥ መንዛሪ ሲሸጥ በውድ ሲገዛ በርካሽ ስለ ሆነ፥ ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል። በቅርብ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ቢያኖረው ይሻላል፤ ይኸውም የብሔራዊ ባንክ ደንብ እስከ ፈቀደ ድረስ ነው፥ ደንቡም ስለሚለዋወጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲያኖርም ከየትኛው አገር እንደ መጣና በስንት ዓመት እንደ ተቀመጠ በቍራጭ ወረቀት ጽፎ ከገንዘቡ ጋር ያስቀምጥ፥ ለቤተሰቡም ይንገር።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈውን ጥቂት ዝርዝር ደግሞ ለሕፃናት መስጠት ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ከ1987 ጀምሮ ከአየር መንገዶች ጋር ተስማምቶ የመንገደኞችን ትርፍ ገንዘብ ይሰበስባል። በዚህ ሥራ በተባበሩት አየር መንገዶች አስተናጋጆቹ በወንበሮቹ መካከል እያለፉ ፖስታ ያድላሉ፤ ስለዚህ ሳንቲሙን በታች በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መያዝ ነው።