«ኪንታሮት ነው» ተብሎ፦ የ2016 ክረምት ማስታወሻ

ሰኔ 25 ቀን 2016፣ ማክሰኞ

ትናንት የኬሞ መድኃኒቱን ወስጄ መጣሁ። ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ልከፍት ብረቱን በባዶ እጄ ስይዘው ጣቶቼን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀዝቃዛ ነገር ከነኩ እጅ ይነዝራል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከጠጡ ጉሮሮ ጭምድድ ይልና ትንፋሽ የተቋረጠ ይመስላል፤ ምግብ ሲጀምሩ በመጀመሪያው ጉርሻ መንጋጋ ይያዛል። በመጀመሪያው ዙር ነርሷ፣ «ማዘር፣ ጉሮሮዎ የተዘጋ ቢመስልዎትም አይደንግጡ፤ አየሩ እየገባ ነው። ሞቅ ያለ ነገር ፉት ይበሉ» ብላ አስቀድማ ስለነገረችኝ ነው ያልደነገጥኩት። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ባልሰማ ኖሮ ሌሊት ቤተሰቡን አስጩኼ ድንገተኛ ክፍል እሄድ ነበር።

ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ወደ ሰውነቴ የሚገባውን ነገር ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም። ኦክሳሊፕላቲን ፕላቲነም ያለበት መድኃኒት ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ናጎያ ውስጥ የተገኘ። የሴሉን ዲኤንኤ ያጣብቅና መባዛት ይከለክለዋል። በግሉኮስ እንጂ በጨው ውኃ አይበጠበጥም፤ የጨዉ ክሎራይድ ያበላሸዋል። በደም ሥር ሁለት ሰዓት ያህል ይንጠባጠባል። ከዚያ ካፔሲታቢን የሚባለውን ክኒን ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ ምግብ እንደበላሁ እውጣለሁ። አንድ ሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና ከሀ።

ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት። ጀሪካን መሙላት የእኔ ሥራ ነበር፤ አሁን ባለቤቴ ይነሳል። ክረምቱ ባይሆን ይቀለኝ ነበር። በሐምሌ ብርድ ለዚህ መድኃኒት የሚመች አገር አይደለም የያዝነው።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ጠያቂ ሲጎርፍ ዋለ። የእድር ሰዎች፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ ከማዶ ግቢ ሐጂ ማር ይዘው። እማዬ ለሁሉም «ጨጓራዋን ነው» ትላለች። ክፋት የለባትም፤ በሽታው ስሙ ሲጠራ የሚበረታ ይመስላታል። ቶናው ሲቀዳ ግን አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ጨጓራ አይደለም። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፤ ተቆርጦ ወጥቷል፤ አሁን ኬሞ እየወሰድኩ ነው» አልኩ።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ጥጉ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው የመለሱት፦ «እንዴ! እኔንም እኮ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ካየሁ ቆየሁ። ኪንታሮት ነው አሉኝ።»

እኔንም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ደሙ ሲጀምረኝ አንድ ክሊኒክ የአሜባ መድኃኒት ሰጠኝ። አልቆመም። ሌላው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባት ጻፈልኝ። አንዱም ጓንት አድርጎ በጣቱ አልመረመረኝም፤ አንዱም አንጀት በካሜራ የሚታይበትን ኮሎኖስኮፒ አላዘዘም። ደሜ ወርዶ፣ ወደ ክፍሌ የሚያወጣውን ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ማለት ሲጀምር ነው ጉዳዩ ሌላ መሆኑ የታወቀው። አሜባም ኪንታሮትም እዚህ አገር በሽ ነው፤ ሐኪም መጀመሪያ እነርሱን ቢያስብ አልፈርድበትም። የሚያንገበግበኝ በመድኃኒቱ ያልቆመ ደም ለሁለተኛ ጊዜ ሳይታይ ስም ሲሰጠው ነው።

ጎረቤታችንን ልጃቸው በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሊወስዳቸው ቃል ገብቶልኛል። እማዬ ማታ ድረስ አኮረፈችኝ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

እማዬ ፀበል ካልተጠመቅሽ አለች። እኔም ፀበል እወዳለሁ፤ ካደግኩበት ነው። ግን ጎህ ሲቀድ፣ በዚህ ብርድ፣ ያ ውኃ በጀርባዬ ሲወርድ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። «ሞቅ አድርጌ ልጠጣው» ስላት «ፀበል ይሞቃል እንዴ?» ብላ እንባዋ መጣ።

የንስሐ አባታችን ሲመጡ ሁለታችንም ነገርናቸው። አባ አላመነቱም። «ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ጥምቀቱ ሕክምናው ሲያልቅ ይደርሳል። እስከዚያ ቤት ውስጥ አሳድሪውና ብርዱ ሲለቀው ትንሽ ጠጪ፤ ግንባርሽንም ቀቢው» አሉኝ። እማዬ የአባን ቃል ከእኔ ባዮሎጂ አብልጣ ሰማች። ደግ አደረገች። አሁን የፀበሉ ጠርሙስ ከምድጃው አጠገብ ነው የሚያድረው፤ የምታስቀምጠውም እርሷው ናት።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ትናንት ጥቁር አንበሳ ዋልኩ። ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ በሌሊት ነው የሚወጣው። ስሄድ በሚኒባስ፣ ስመለስ ግን መኪና እንከራያለን፤ መድኃኒቱን ወስዶ በነፋስ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ መጠበቅ አይቻልም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከጎጃም ገጠር የመጣች ናት። የእርሷ የፊንጢጣ ነው፤ ጨረርም ያስፈልጋታል። የኔ ዓይነቱ፣ ከፍ ብሎ አንጀቱ ላይ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨረር አይፈልግም። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው እዚሁ ብቻ ነበር። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ከሕክምናው የሚብሰው ማደሪያው ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ማረፊያ እንዳለው ነገርኳት። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በስሙ ያቆሙት ማኅበር ነው። ሐዘናቸውን ለማያውቁት ሰው መኝታ ያደረጉ ሰዎች ናቸው፤ ባገኛቸው ጉልበታቸውን እስም ነበር።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ትናንት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ጀምበር ከ70 ብር አለፈ። በሰፈሩ ወሬው የዘይትና የሲሚንቶ ነው፤ በእኛ ቤት ግን የካፔሲታቢን። መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። መንግሥት መድኃኒት ከሚደጎሙት ውስጥ ነው ብሏል፤ ባለቤቴ ግን አላመነም፤ የሚቀጥለውን ዙር ክኒን አስቀድሞ ሊገዛ ጠዋት ወጣ። መጀመሪያ የገባበት መድኃኒት ቤት «የለም» አለው። ማታ ከሌላ ቦታ ይዞልኝ መጣ፤ ዋጋውን ግን እስካሁን አልነገረኝም። ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ አየሁት፤ ሳልገልጠው መለስኩት።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። አባ እንዳልጾም አዘዋል፤ እንቁላሉን ስበላ ግን ልጆቼ ሽሮ ይዘው አጠገቤ ስለሚቀመጡ አይወርድልኝም። ሐኪሙ የሚለው ክብደት እንዳልቀንስ ነው፤ ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ተከልክያለሁ። የሚስማማኝ አጥሚት ነው። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ግን ከቤት ያስወጣኛል።

ትናንት ለፋይዳ መታወቂያ ልመዘገብ ሄድኩ። ጣቴን መሣሪያው ላይ ባደርግ ባደርግ አያነበውም። ልጅቷ በሶፍት ጠረገችልኝ፤ አሁንም እምቢ። መዳፌን ገልብጬ አሳየኋት፦ ቀልቷል፣ ተልጧል፣ የጣቶቼ ጫፍ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ካፔሲታቢን የሚያደርገው ነው። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ በ1957 እ.ኤ.አ. ወደታወቀው ወደ ፍሎሮዩራሲል ይለወጣል። ፍሎሮዩራሲል ደግሞ ዩራሲል የሚባለውን ንጥረ ነገር መስሎ ሴሉ ውስጥ ይገባና ዲኤንኤ መሥሪያውን ይዘጋል። በፍጥነት የሚባዛው ሁሉ ይጎዳል፦ ካንሰሩም፣ የአፌ ቆዳም፣ የደም መሥሪያው መቅኒም። የጣት አሻራው የጠፋበት አንድ የሲንጋፖር ታካሚ አሜሪካ መግቢያ ላይ በዚሁ ምክንያት ታግቶ እንደነበር በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ልጅቷ ረጋ ብላ ሰማችኝና በዓይኔ ብሌን መዘገበችኝ። ስወጣ «ይማርዎት» አለችኝ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ቡሄ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ከበሩ አልጠፉም፤ ሙልሙሉን የምታድለው እማዬ ናት። ታናሽ ወንድሜ ከአየር ጤና መጣ። ከሰኔ ጀምሮ የምለውን ዛሬም አልኩት፦ «ኮሎኖስኮፒ ተመርመር።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ምንም አያመኝም።»

«እኔም መጀመሪያ ምንም አላመመኝም።»

የታማሚ ወንድምና እህት፣ ልጅም ቢሆን፣ 40 ዓመት ሲሞላው፣ ወይም በሽታው በታማሚው ላይ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ መታየት አለበት። እኔ በ46 ዓመቴ ነው የታወቀብኝ። ስለዚህ የእርሱ በ36 ነበር፤ አሁን 41 ነው። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በወንዶች ላይ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ የአንጀት ካንሰር እንደሆነም ነገርኩት። ቁጥር አይገባውም፤ ኳስ ግን ይገባዋል። ፔሌን አነሳሁበት፦ በ2021 እ.ኤ.አ. አንጀቱ ላይ ዕጢ የተገኘው በመደበኛ ምርመራ ነው፤ በ2022 መጨረሻ አረፈ።

«ሰማንያ ሁለት ዓመት ኖሮ እኮ ነው!»

ትልቁ ልጄ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል፣ «የብላክ ፓንተሩ ተዋናይስ፣ አጎቴ? በ43 ዓመቱ ነው የሞተው። በዚሁ» አለው።

ወንድሜ ዝም አለ። የሚያስቸግረው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ኀፍረትም አለበት። ወንድ ልጅ በዚያ በኩል እንዲታይ ማን ይፈልጋል? ሲወጣ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያማል?» አለኝ። «ማደንዣ ይሰጡሃል። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ማጽጃ ነው» አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት፤ ዋሽቼ ብልከው ከበር ይመለስ ነበር።

ነሐሴ 27፣ ሰኞ

ተመለስኩ። ጠዋት በተሰጠው የደም ምርመራ ነጩ ደም ሴል ወርዷል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ኒውትሮፊልዎ ከ1,500 በታች ነው፤ ዛሬ አልሰጥዎትም። በሳምንቱ ይምጡ፤ መጠኑንም እንቀንሳለን» አለኝ። ከተላላፊ በሽታ የሚከላከልልኝ ሠራዊት ሳስቷል ማለት ነው። ትኩሳት 38 ከገባ ሌሊትም ቢሆን ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀኝ፤ ቴርሞሜትሩን ራስጌዬ አድርጌያለሁ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ሳሙናና ውኃ አኖረ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ከደጅ ሆኖ እንዲጠይቀኝ ለእድሩ ተናገረ። ሰው ይቀየማል ብዬ ሰግቼ ነበር። ሐጂ ከአጥሩ ማዶ ቆመው «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ ነገሩ እንደገባቸው አወቅኩ። የአሮጊቷ ጎረቤታችን ውጤትም ዛሬ ተሰማ፤ የእርሳቸው በእውነት ኪንታሮት ነው። ታይቶ ኪንታሮት ማለት ደስ ይላል።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ትናንት መድኃኒቴን ወሰድኩ። ወንድሜ ያችኑ ሌሊት ማጽጃውን በውኃ በጥብጦ እየጠጣ በየሰዓቱ እየደወለ አማረረኝ፤ በእኔ በኩል ምሬቱ ሁሉ ደስታ ነበር። ዛሬ ከቀትር በኋላ ኮሎኖስኮፒው አለቀ። አንጀቱ ላይ ፖሊፕ የሚባል ሁለት ዕባጭ ተገኝቶ እዚያው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ለፓቶሎጂ ተልኳል፤ ውጤቱ ከመስቀል በፊት ይደርሳል ተብሏል። ከፖሊፕ ወደ ካንሰር የሚሄደው መንገድ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይወስዳል፤ ሁሉም ፖሊፕ እዚያ አይደርስም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማግኘት ማለት ይህ ነው። እማዬ ስነግራት እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ እንኳ በደንብ ሳይገባት።

ሐዋሳ ላለችው እህታችን ወዲያው ደወልኩ። 38 ዓመቷ ነው። ለመስከረም 7 ቀጠሮ ይዛለች። የፓቶሎጂ ውጤቴን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ ለሐኪሙ ስታሳየው ለምን እንደመጣች ማስረዳት አያስፈልጋትም።