ዘፈን ሥራ ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ መተማ በመጋቢት ወር እንዴት እንደምትሞቅ ሰምተህ ይሆናል። ያልሰማህ እንደ ሆነ፣ ሌሊት አልጋችንን አውጥተን ግቢ ውስጥ እንደምንተኛ ልንገርህ። ይህን የምልህ ሙቀቱ ለጠባዬ ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም። አንዲትን የ11ኛ ክፍል ተማሪዬን ወደ ፊት ምን መሆን እንደምታስብ ብጠይቃት «ዘፋኝ» ስትል መለሰችልኝ። እኔም በጓደኞችዋ ሁሉ ፊት፣ «የጠየቅሁሽ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» አልኋት። ክፍሉ ሳቀ፤ እርስዋ ግን አልሳቀችም።

በዚያው ምሽት ከአንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የአስቴር አወቀ ዘፈን ይሰማ ነበር። ከአጠገቤ በ2015 ዓ.ም. የተነሣውን ጦርነት ሸሽቶ በገላባት በኩል የገባ አንድ ሱዳናዊ ነበረ። አማርኛው ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» አያልፍም፤ ነገር ግን ዜማውን እስከ መጨረሻው አብሮ አንጎራጎረ። የእነርሱም ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የተቃኘ ስለ ሆነ ለጆሮው ባዕድ አልሆነበትም።

ቤቴ ገብቼ የዘፋኝዋን ታሪክ ፈለግሁ፤ ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርህ። አስቴር የተወለደችው እዚሁ ጎንደር በ1959 ሲሆን ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አባትዋ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍ ያለ ሠራተኛ ነበሩ። (አንተም የቢሮ ሰው ከሆንህ፣ ልጅህ ዘፋኝ ልሁን ብትልህ ምን እንደምትመልስ ገምት።) ገና በወጣትነትዋ ከአይቤክስና ከሌሎችም ባንዶች ጋር በከተማው ሆቴሎች ዘፈነች። በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። እዚያስ ማን ይጠብቃታል? ሰው ጥብሱን እየበላ ወሬውን ሲያወራ፣ እርስዋ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ትዘፍን ነበር። «አስቴር» የተባለው ሸክላ ለንደን በሚገኝ አሳታሚ የወጣላት በ1989 ነው። ከዚያ ወዲያ ኮሎምቢያ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ተቀበላትና በ1991 «ካቡ» ወጣ።

ከመሄድዋ እስከዚያ ሸክላ ድረስ ስምንት ዓመት! እኔ ዲግሪዬን ያገኘሁት የዚህን ግማሽ ደክሜ ነው። ይሁን እንጂ ለልጅቱ የአስቴርን ዝና ብቻ ብነግራት ሌላ ስሕተት ይሆንብኛል፤ በእንዲህ ያለው ምግብ ቤት ዘፍነው ስማቸው ያልተሰማ ስንቶች ይኖሩ ይሆን? ስለዚህ ስለ ስምንቱ ዓመት ልነግራት ቆረጥሁ።

ሰኞ ጧት ይቅርታ የጠየቅኋት በክፍሉ ፊት ቆሜ ነው፤ ያሳፈርኋትም በሰው ፊት ነበርና። ታሪኩን ነግሬያቸው ስጨርስ ልጅቱ እጅዋን አነሣች።

«መምህር፣ ከአስቴር ዘፈኖች የትኛውን ይወዳሉ?»

ነገርኋት። ከኋላ አንዱ ባለጌ «እንግዲያው ይዝፈኑልና!» ሲል ጮኸ። ክፍሉ በእኔ ሳቀ፤ ይህን ጊዜ እርስዋም ሳቀች።