ሰሊጡ ሲደርስ

አንድ መጋቢ ኩየራ ባለው ኮሌጃችን ተምሮ ሲያበቃ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ ናይሮቢ አጠገብ ወዳለው የአፍሪካ አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ ሲላክ፣ «ይህ ሁሉ ትምህርት ለመተማ ቆላ ምን ይሠራል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መተማ ላይ የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተከፍቶ ሳይረግፍ መታጨድ አለበት። ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ አምኖ ሲጠመቅ፣ «በሰንበት ካላጨድኩ ሥራዬን አጣለሁ፤ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ይለናል። «ሕጉ ይህ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

ቃሉን በሚገባ ያጠና አገልጋይ ግን ዘጸአት 34፥21ን ይከፍትለታል፤ እግዚአብሔር ዕረፍትን ያዘዘው የአጨዳን ወቅት ስሙን ጠርቶ ነው። ዘዳግም 5፥14ንም ይዞ ወደ ባለእርሻው ይሄዳል፤ ዕረፍቱ ለአገልጋዩም ተሰጥቷልና። ሰውዬው ሰንበቱን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይለምንለታል። ባለእርሻው እምቢ ካለ፣ ጉባኤው እንጀራውን እንዲያካፍለው ያስተባብራል።

ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር ተምሮ፣ በቆሮንቶስ ድንኳን ሰፍቷል። እኛም የምንጸልየው ተምረው ለሚመለሱና ከሠራተኛው ጋር ፀሐይ ላይ ለሚቆሙ መጋቢዎች ነው። እናንተም አብራችሁን ጸልዩ።